ቤት ሲመታ የሚላቀቅ ፋሻ

በቃጠሎ ክፍሉ በሽተኛው ሁሉ «ባለቅኔው» እያለ የሚጠራው ቁስል አጣቢ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ፋሻ ያላቀቀው በዝነኞች እየቀለደ ነው። ከጥንት ነገሥታት እስከ ዘንድሮ ኳስ ተጫዋች ምላሱ ያልነካው የለም። በጨው ውሃ ያራሰውን ፋሻ ጫፉን ይይዝና፣

«ፖም አናቱን ቢለው ኒውተን ሕግ አወቀ፤
እኔን መትቶኝ ቢሆን ሰው በሳቅ ባለቀ!»

ይላል። ቤቱ ሲመታ በሽተኛው ይስቃል፤ ሲስቅ ሰውነቱ ይላላል፤ ያኔ ሳብ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ሐኪሞቹም አላዩም።

ዛሬ ግን አልጋው ላይ ያለችው የገዛ ልጁ ናት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። የጋለ ዘይት ክንዷ ላይ ከተደፋባት ሁለት ሳምንት ሆናት። ከጭኗ ተነስቶ የተለጠፈው ቆዳ ገና በደንብ አልያዘም፤ ፋሻው ሲነሳ ክንዷን ከነጠቀች ቆዳውም አብሮ ይነሳል፣ እንደገና ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው። ማስታገሻ ተሰጥቷታል፤ ፍርሃቷን ግን ንክች አላደረገውም።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ግጥሞቹን ሁሉ ቤት ውስጥ የሚሞክረው እሷ ላይ ነበር! ገና «ፖም» ከማለቱ ቤቱ የት እንደሚመታ፣ ፋሻው የሚሳበውም ያኔ እንደሆነ ታውቃለች፤ እዚያ ሲደርስ ክንዷ ግትር ይላል። ኮሎምበስን ሞከረ፣ ግትር። ናፖሊዮንን ሞከረ፣ ያው ግትር። ላቡ በጀርባው ወረደ።

«ጋሼ፣ ልተካዎት?» አለች አጠገቡ የቆመችው ሲስተር ቀስ ብላ።

«አባዬ ብቻ!» ጮኸች ልጅቱ።

ያልሰማችው ግጥም ያስፈልገዋል፤ አንድም የለውም። አፉ እንዳመጣለት ጀመረ።

«አንስታይን ጸጉሩን ሊያበጥር ተነሳ፤
ማበጠሪያው ፈርቶ...»

ልጅቱ ቤቱን እየጠበቀች ነበር። እሱ አልጠበቀም። እዚያው መሃል ላይ ሳበው።

ፋሻው እጁ ላይ ቀረ፤ ቆዳው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሲስተር እፎይ አለች። እሱ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ፤ እንባውን በክንዱ ጠረገ።

ልጅቱ መጀመሪያ ክንዷን አየች፤ ከዚያ እሱን።

«ገና አልደረስክም ነበር እኮ!»

«አዎ፣ የኔ እናት።»

«ማበጠሪያው ፈርቶ ምን ሆነ?»

«እንጃ፤ መጨረሻ የለውም።»

እስካሁን ያላለቀሰችው ልጅ አሁን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ነገ የጭኔ ፋሻ ነው» አለችው። «እንዴት ብዬ ልመንህ?»