የያረጋል ክብ

ጥዑመልሳን ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ይቅርታ ሊጠይቀን ይገባል። እዚህ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ እንደሱ ምላሱ የሚጎመዝዝ ሰው የለም። ከልብስ ስፌት ሱቄ አጠገብ አሮጌ ኮምፒውተር ሲጠግን ሃያ ዓመት ሆኖታል። ሰው የጣለውን ሁሉ ያነሣል፤ ቤቱ ሲሞላ ደግሞ እኔ ደጃፍ ይከምረዋል። በዚህ ስንጣላ ኖረናል።

በፈረንጆቹ 2013 አንድ ጠዋት ሙላቷ ከባድ ሣጥን ታቅፋ መጣች። ዐማራት ሰፈር ካፌ ውስጥ የምትሠራ፣ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። በፍንጭቷ ስለምታፍር ስትስቅ አፏን ራሷ ላይ በምትከናነበው በጠርሃዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ሣጥኑ የሟቹ ፎቶ አንሺ የያረጋል ዲስክ ነው፤ ሚስቱ ስንቅነሽ ከአልጋ ሥር አውጥታ ሰጥታታለች።

"ጋሼ ጥዑመ፣ ኡሚ እዚህ ውስጥ አለች" አለችው።

እናቷ ዮሐና የሞተችው ሙላቷ ዓመት ሳይሞላት ነው። አንድም ፎቶ አልቀረም። ያረጋል ግን ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ያነሣውን ሰው ሁሉ በዚህ ዲስክ ያስቀምጥ ነበር። ልጅቷ የእናቷን ፊት አይታ አታውቅም።

"ኢንሻላህ" አለ ጥዑመልሳን፤ ሳይሳደብ መልስ ሲሰጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ዲስኩ ከዘመኑ ኮምፒውተር ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አወረደ። ከኮምፒውተሩ ወፍራም ገመድ ወደ ዲስኩ፣ ከዲስኩ ሌላ ገመድ ፎቶውን ወደሚገለብጥበት ሲዲ መጻፊያ ዘረጋ፤ ዕቃዎቹ እንደ ቅፍለት ግመል ተያያዙ። መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ትንሽ መዝጊያ ሰካ። "ማሳረጊያ" ይላታል። እሷ ከሌለች መልእክቱ ጫፍ ደርሶ እየተመለሰ ይረብሻል።

"ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር" አለን። "ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ፣ ሲጠሩ እኩል አቤት ይላሉ፤ ማን ማንን ይሰማል?"

የዲስኩ ቁጥር የሚታይባት መስኮት በፀሐይ ነጥታ አትነበብም። ያረጋል ግን አናቱ ላይ በቀለም አንዲት ክብ ጽፏል።

"አምስት" አለ ጥዑመልሳን።

"ኸምሳ" ብላ ሙላቷም አምስትነቱን በዐረብኛ አረጋገጠች።

"አምስት ነፃ ነው። ያላ!"

ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ። ገመድ ቀየረ፣ ማሳረጊያውን ነቅሎ መለሰ፣ ማሽኑን ሰደበ፤ ያረጋልንም በመቃብሩ አልማረውም። ቀትር አለፈ። ሙላቷ ሥራ የምትገባበት ሰዓት ደረሰ።

"ኸላስ፣ ጋሼ፣ ተወው" አለች ዐይኗ እንባ አቅርሮ።

ስለ ኮምፒውተር ምንም የማላውቀው እኔ፣ ያችን ክብ አይቼ ከስፌት መኪናዬ ብድግ አልኩ።

"ስማ አንተ! ያረጋል እኮ እስኪሞት የዐረብ ቁጥር አልገባውም! ሱቅ ዐረቢ ገበያ የሚሄደውን አውቶቡስ ቁጥር እንኳ እኔን ነበር የሚያስነብበኝ!"

ጥዑመልሳን ግንባሩን በመዳፉ መታ። ክብ በዐረብ አጻጻፍ፣ ለካርቱም ሰው፣ አምስት ናት፤ ያረጋል ግን እንዳገሩ ዜሮ ነበር የጻፈው። የኮምፒውተሩ የራሱ የውስጥ ዲስክም ቁጥሩ ዜሮ ነው! ሁለቱ ሲጣሉ ነው የዋሉት።

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሬ ዜሮ ጠፋኝ!" ብሎ ጮኸ። ከዲስኩ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ ሦስቴ ተጫነ፤ ዜሮው ማንም ያልያዘው ሦስት ሆነ። ማሽኑ ተነሣ! እኔ እልል አልኩ፤ አላፊ አግዳሚው ቆመ።

የሰው ስም ተደርድሮ መጣ። ዮሐና አለችበት።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች በዝግታ ወረደ፤ ሻሿ፣ ግንባሯ፣ ዐይኖቿ። ያረጋል የታወቀበት ጥፋት ለኢቃማ እንኳ ሰውን እያሳቀ ማንሣቱ ነበር። ዮሐናም ጥርሷን ገልጣ ስቃለች። መሐሉ ላይ ፍንጭት።

ሙላቷ ጣቷን ወደ ገዛ ጥርሷ ሰደደች።

"የኔ ነው" አለች። "ወላሂ፣ የኔ ነው!"

ከዚያ ከት ብላ ሳቀች፤ ጠርሃዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ነበር፣ አላነሣችውም።