የአባቴ ቁጡ አንጀት

የተወቀጠ የኮሶ አበባ ሽታ፣ ያ ጉሮሮ ድረስ የሚዘልቅ ደረቅ ምሬት፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ከቅመም ሻጮች ደጃፍ ሲያገኘኝ፣ ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ነበረው ቤታችን፣ ወደ ክረምት ጧት ይመልሰኛል። ሽታውን አምነዋለሁ፤ ሽታው ጎትቶ የሚያመጣውን ሁሉ ግን አላምነውም። ከዚህ በታች የምጽፈውን ከፊሉን በልጅ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከፊሉን እናቴ በእርጅናዋ ደጋግማ አጫውታኛለች፣ በደገመችውም ቁጥር ጥቂት ጥቂት ትለውጠው ነበር፤ የቀረውን ያገኘሁት ከታላቅ እኅቴ ነው፣ እርስዋም በብዙው ከእኔ ጋር አትስማማም። ስለዚህ የሰዎቹን ንግግር እኔ ዘንድ እንደ ደረሰ አቀርበዋለሁ፤ ቃል በቃል ነው ብዬ ግን አልምልም።

አባቴ የደብራችን ቀዳሽ ቄስ ነበሩ። ክረምት ሲገባ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋና ቁርጠቱ ከእምብርታቸው በታች ይዞ ያጎብጣቸው ነበር፤ ወደ ጓሮ ወጥተው ሲመለሱ ቀለል ይላቸውና፣ በማግሥቱ ደግሞ ሆዳቸው ደርቆ ጭራሽ እንቢ ይል ነበር። በአገራችን ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ ኮሶ አለበት ተብሎ ስለሚታመን፣ ሌላው በየሁለት ወሩ የሚጠጣውን መድኃኒት እርሳቸው በባሰባቸው ቁጥር ይጠጡ ነበር። ኮሶው አንጀታቸውን ጠርጎ ያደክማቸዋል፣ ሲያገግሙ ቁርጠቱ ይመለሳል፣ ቁርጠቱ ሲመለስ ኮሶው እንደገና ይወቀጣል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ከበር ላይ «መምሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ብላ ትመልስ ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ማንንም እንዲያነጋግር ስለማይጠበቅበት፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዝናቡ አባርቶ ጤፉ ሲያሸት የአባቴ ሕመም ቀን መምረጥ ጀመረ፤ የቅዳሴ ተራቸው በሆነ ጧት ይብስ ነበር። ቅዳሴ የገባ ካህን እስኪፈጸም ከመቅደስ አይወጣምና፣ መካከል ላይ ሆዴ ቢያሳፍረኝስ ብለው ሲፈሩ ያድራሉ፣ ከፍርሃታቸውም የተነሣ ሲነጋ ሆዳቸው ይላወሳል። በመጨረሻ ተራቸውን ለሌላ እየሰጡ ከማኅሌቱ ብቻ መቆም ያዙ። መቅደስ መግባት የተወ ቄስ ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚጠረጠረው በአንድ ነገር ነው፤ ክህነቱን ያፈረሰ ኃጢአት አለበት ይባላል።

የደብሩ አለቃ ቅኔ አዋቂና ነገር ወዳድ ሰው ነበሩ። አንድ እሑድ በሰንበቴው ማዕድ ላይ፣ ጠላቸውን እንደ ያዙ፣ «መምሬ፣ መቅደሱ ጠበበ ወይስ እርስዎ ሰፉ?» አሏቸው። ሰው ሳቀ። አባቴም አንገታቸውን ደፍተው «ይተዉት አለቃ፣ ሆድ ይፍጀው» አሉ። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለማይነገር ምሥጢር ነውና፣ ቅኔ ሲፈታ የኖረው ያ ሁሉ ሰው ወርቁን ፍለጋ ገባ፤ አንዱ ሴት አገኘ፣ ሌላው የፈረሰ መሐላ አገኘ። እውነቱ ግን ከላይ፣ ከሰሙ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አባቴን የሚፈጃቸው ሆዳቸው ነበር።

ወሬው እናቴ ጆሮ ሲደርስ «ሆድ ይፍጀው አሉ? እርስዎን ፈጅቶ ጨረሰዎ እኮ» አለቻቸው፤ ጥምቀት አልፎ መንገዱ ሲደርቅም ደብረ ማርቆስ ወዳለ አንድ ሐኪም ቤት ይዛቸው ሄደች። የመረመራቸው ሐኪም፣ ረጋ ያለ ወጣት እንደ ነበር እናቴ ትናገር ነበር፣ ሰገራቸውንና ደማቸውን አስመርምሮ ኮሶም አሜባም አላገኘም። ምንም የለብዎትም ቢላቸው ኖሮ ዋሾ ተባልሁ ብለው ይመለሱ ነበር፤ እርሱ ግን «ሕመምዎ እውነት ነው። አንጀትዎ አልቆሰለም፤ ቁጡ ሆኖ ነው» አላቸው።

«እኔ በሰው ላይ ተቆጥቼ አላውቅም» አሉ አባቴ።

«ለዚህ ይሆናል አባ፤ ከሁለት አንዳችሁ መቆጣት አለባችሁ።»

ትል ሳይታይ ኮሶ እንዳይጠጡ፣ ከጾም ሲወጡ በአንዴ አጥግበው እንዳይበሉ፣ የሚጣላቸውን ምግብ አንድ በአንድ እየተዉ እንዲፈትኑ፣ ደም ካዩ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመለሱ መከራቸው። ፍርሃት ራሱ አንጀትን እንደሚያስቆጣም ነገራቸው፤ አባቴ ከሁሉ ይልቅ የያዙት ይህን ነበር።

የእናቴ ሥራ የጀመረው በሁዳዴ ነው። የባቄላ ሽሮውን አስቀርታ አየች፣ መልሳ አየች፤ ከዚያ ሽንኩርቱን፣ ከዚያ ጎመኑን። ባቄላና ሽንኩርት ጠበኞች ሆነው ተገኙ፤ ድንችና ተልባ ወዳጆች ሆኑ፤ ጎመን እንደ መጠኑ ነበር። አባቴ «ከሽሮ አፋታሽኝ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ እርስዋም «በጾም ላይ ጾም ይበሉት መምሬ» ትላቸው ነበር። ሆዳቸው እየረጋ ሲሄድ አንደበታቸውም ተፈታ። በጾሙ እኩሌታ በሰንበቴው ላይ፣ አለቃ ያንኑ ነገራቸውን ሊያነሡ ሲሉ አባቴ ቀድመው «ሆዴን ያመኛል አለቃ። ወርቅ የለውም፤ ሰሙ ይኸው ነው» አሉ።

አለቃ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው «እኔስ ዘወትር ከበሩ አጠገብ የምቆመው ለምን ይመስልዎታል?» አሉ። ሰንበቴተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ወሬውም በዚያ ሳቅ ሞተ። በሆሳዕና ዕለት አባቴ መቅደስ ገብተው እስከ ፍጻሜው ቀደሱ። ሕመሙ ጨርሶ አልተዋቸውም፤ ጠባዩን አውቀው ግን አብረውት አረጁ፣ ተራቸውንም ለሌላ መስጠት ተዉ።

እኔም በጎልማሳነቴ ያው ሕመም ጀመረኝ፤ ወረስሁት ለማለት ግን አልደፍርም። ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ስም አለው፤ ልጆቼ የሚስማማኝንና የማይስማማኝን ምግብ ከስልካቸው እያወጡ ያነቡልኛል፤ እኔም ያለ ኀፍረት ተናግሬው በሰላም እኖራለሁ። ያኔ ስሙን የሚያውቅ አልነበረንም፤ ነገር ግን ሲያዝን «ሆዴ ባባ»፣ ሲጨነቅ «አንጀቴ ተላወሰ» የሚለው የአገራችን ሰው፣ ሐሳብና አንጀት እንደሚነጋገሩ የሚያውቅ ይመስለኛል። ያጣነው ይህን የሚያምንልንን ሐኪም ነበር፤ ያ ወጣት ሲገኝም በቂ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ሳይቋጭልኝ ቀርቷል። እኅቴ እንደምትለው፣ በዚያ ሆሳዕና ቅዳሴው እኩሌታው ላይ ሲደርስ የአባቴ ድምፅ ከመቅደሱ ውስጥ ለአፍታ ጠፋ፤ አለቃም የሕዝቡን የቅዳሴ መልስ፣ ተሰጥዎውን፣ በዜማ ተቀብለው፣ የአባቴ ድምፅ እስኪመለስ ድረስ፣ ከልማዳቸው ውጭ አስረዘሙት። እኔ የማስታውሰው ቅዳሴው ረጅም እንደ ነበር ብቻ ነው፤ ለልጅ ደግሞ ቅዳሴ ሁሉ ረጅም ነው። እናቴን ሳልጠይቃት አረፈች፤ አለቃም ከእርስዋ በፊት አርፈዋል። ዜማውን ስለ አባቴ ብለው አስረዝመውት እንደ ሆነ፣ እስካሁን አላረጋገጥሁም።