በሚካኤል ያልተመታው ግንብ

ልጅ እያለሁ አንድ ሙሉ አገር ነበረኝ። የወርቅ ማዕድን፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ጥቁር ግንብ፣ በፈረስ የሚጋልብ የጦር አበጋዝ፣ ቁጥሩን እግዜር ብቻ የሚያውቀው የአጽም ሠራዊት ሁሉ የእኔ ነበር። አገሬ የምትገኘው ወረታ ውስጥ፣ እናቴ ከምታከራያት አንዲት ክፍል፣ በጋሽ ሰይፉ አልጋና በጋሽ ሰይፉ የላምባ ምድጃ መካከል፣ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጋሽ ሰይፉ የሰብል ባለሙያ ነበሩ። በፎገራ ሩዝ ምክንያት ከአዲስ አበባ ተመድበው ሲመጡ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ኮምፒውተር ይዘው መጡ። ኮምፒውተሩ ከኋላው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ የተቆዘረ ነበር። ሲነሳ ድምፁ የሩዝ መፈልፈያ ያስንቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሽንብራ ቢደፉበት ቆልቶ ያወጣ ነበር። የፎገራ ትንኝ በሙሉ ሰው መንከሱን ትቶ መስታወቱ ላይ ይሰበሰባል። የጠላት ፈረሰኛ መስላኝ አንዲት ትንኝ ላይ ጦር ያዘመትኩበት ቀን አለ፤ ድሉም የእሷ ሆነ።

በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር ጨዋታው። ስሙ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ እኛ «ግንቡ» አልነው። ሁለት ሰው ይጫወተዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ግንብ አለው፤ አበጋዙን እየላከ ወርቅ ይሰበስባል፣ ወታደር ይገዛል፣ ዘንዶ ይገጥማል። ዋናው ነገር ግን ጨዋታው የሩጫ ሳይሆን የተራ መሆኑ ነው። እኔ የቀኔን ሠርቼ «ጨረስኩ» እላለሁ፤ ከዚያ ባላጋራዬ የእሱን ይሠራል፤ ሁለታችንም ስንጨርስ አንድ ቀን ያልፋል። አንዱ ሲጫወት ሌላው ምስጢር እንዳያይ ወደ ግቢ ይወጣል። እኔ በዚያ ግቢ ተራዬን ስጠብቅ የቆምኩትን ያህል ቆሜ ቢሆን ኖሮ ሥር አውጥቼ ዛሬ ለግቢው ጥላ በሆንኩ ነበር። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትል የምትመክረኝን ምክር ሁሉ ያስተማረኝ ይኼው ጨዋታ ነው።

ባላጋራዬ ደሳለኝ ይባላል። የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ልጅ ሲሆን ወረታ አክስቱ ቤት ተቀምጦ ይማር ነበር። መስከረም ላይ የፎገራ ሜዳ ገና ውሃውን ስለማይለቅ ቅዳሜና እሁድ አገሩ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ እኛ ቤት ይመጣና ያጠፋኛል። እሱ ነጩን ግንብ ይዟል፤ እኔ የሙታኑን። የሙታኑ ግንብ ጥሩነቱ የገደልከው ጠላት ከጦርነቱ በኋላ አጽም ሆኖ ተነስቶ ለአንተ ማደሩ ነው። ቀብር የለ፣ ተዝካር የለ፣ ስንቅ የለ።

ያን ጊዜ አባቶቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ይቀመጡ ስለነበር እኛም ከየጦርነቱ በኋላ ግምገማ ነበረን። የተሸነፈ እጁን አጣምሮ ይቆምና «ድክመቴ ዘንዶውን መናቄ ነው፤ ለወደፊቱ አርማለሁ» ማለት አለበት። ደሳለኝ ክፉ ገምጋሚ ነበር። «ይኼ ግለ ሂስ ጥልቀት ይጎድለዋል፣ ጓድ፤ እንደገና!» እያለ እንባዬ እስኪመጣ ያስደግመኛል።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ለምሳ ልትጠራኝ ብቅ ስትል አጥንቶቼ ሰይፍ መዝዘው ሲራመዱ አየች። «በስመ አብ! ሙት ስትቀሰቅስ ነው የምትውል?» ብላ ሮጣ ጸበል ይዛ ተመለሰች። ጋሽ ሰይፉ ጢማቸውን ሊላጩ ፊታቸውን በሳሙና አረፋ እንደሸፈኑ ዘለው ኮምፒውተሩን አቀፉት። «እትዬ ውብነሽ፣ ይኼ ኤሌክትሪክ ነው! ግዴለም፣ እኔን ይርጩኝ!» አሉ። እናቴም ቃላቸውን አክብራ ከራስ ጸጉራቸው እስከ ካልሲያቸው ረጨቻቸው።

በዓል የማክበሩን ሕግ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከመስታወቱ ጥግ የጨዋታው ወር፣ ሳምንትና ቀን ይጻፋል። አንድ ጊዜ ደሳለኝ ግንቤን ሊመታ ደጃፌ ሲደርስ ያለፉትን ሳምንታት በሰባት ቆጥሬ ቀኑን ስደምርበት ሃያ አንድ አገኘሁ። «ማርያም ናት!» ብዬ ጮህኩ። ደሳለኝ እጁን ከማውዙ ላይ እሳት እንደነካው ሰብስቦ አማተበ። ከዚያ ወዲህ ውል ገባን፤ በእኛ አገር በሬ በማይጠመድበት ቀን እዚያም ሰይፍ አይመዘዝም። መንገድ መሄድና ገበያ መውጣት ግን ማንም ገበሬ በበዓል የሚያደርገው ስለሆነ አልከለከልነውም። ይህን ሕግ ሳወጣ የራሴን አጥንት እየቀበርኩ መሆኔን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጋሽ ሰይፉ ዝውውር ወጣባቸው። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃቸውን ወደ ወልድያ የሚወስድ አይሱዙ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። እኛ ደግሞ ከመስቀል ማግስት የጀመርነው ጦርነት ገና አላለቀም። ወረታ ውስጥ ልጅ የሚያስነካ ሌላ ኮምፒውተር የለም፤ ዛሬ ያሸነፈ እስከ ዕድሜ ልኩ አሸናፊ፣ የተሸነፈም እስከ መቃብሩ ተሸናፊ ነው። ፊታችንን አይተው መሰለኝ ጋሽ ሰይፉ አዘኑልን። «ኮምፒውተሩ መጨረሻ ይጫናል። እስከዚያ ጨርሱ» አሉን።

ተሸካሚዎቹ ሥራ ጀመሩ። አልጋው ሄደ። ምድጃው ሄደ። የተቀመጥንበትን ወንበር ከሥራችን መዘዙት፤ ቆመን ቀጠልን። ቀጥለው ጠረጴዛውን ፈለጉ፤ ኮምፒውተሩን ወለል ላይ አውርደው ሰጡን፤ ተንበርክከን ቀጠልን። እንዲያ ባዶ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው ሠራዊቴን የደሳለኝ ግንብ በር ላይ ያደረስኩት። ውስጥ የቀሩት ጥቂት ቀስተኞች ናቸው። የእኔ አጽም ከጣና አሸዋ ይበዛል።

«ዛሬ ስንት ነው?» አለ ደሳለኝ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ።

«ምን አገባህ? ተራው የኔ ነው፤ ውጣ!»

«ሁለተኛ ሳምንት፣ አምስተኛ ቀን። ሰባትና አምስት ስንት ነው?»

ቀኑን በጣቴ ሸፈንኩት።

«ኧረ በል እንጅ፣ በሒሳብ አንደኛ አይደለህ!»

«አሥራ ሁለት።»

«እንኳን ለሚካኤል አደረሰህ!» አለና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«የእኔ ወታደሮች አጽም ናቸው። ሙት በዓል አያከብርም» አልኩ።

ደሳለኝ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ያዝ አደረገው። «ማውዙን የምትጫነው አንተ ነህ። ይኼ የማነው? የአጽሙ ነው?»

ጭቅጭቁ ሲጋጋል ሾፌሩ ገባ፤ ተሸካሚዎቹም ሸክማቸውን ትተው ተሰበሰቡ። መጨረሻ ላይ ነገሩ መምሬ አድማሱ ዘንድ ቀረበ። መምሬ የእናቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ ጋሽ ሰይፉን መርቀው ሊሸኙ መጥተው ከግድግዳው ጥላ ሥር ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለታችንም እኩል እየጮህን አስረዳናቸው። ረጋ ብለው ሰሙን።

«ከባቢው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ማንን ከበብክ?»

«ደሳለኝን።»

«ምን አድርጎህ?»

«ምንም» አልኩ።

«ምንም ላላደረገህ ሰው፣ በሚካኤል ቀን፣ ሙት ሰብስበህ!» አሉና ጠላቸውን ጎንጨት አደረጉ። «አጽሙ ታዛዥ ነው፤ አይጠየቅም። የሚጠየቅ አዛዡ ነው። ውጊያው ለነገ ይደር።»

«ነገ?» አለ ሾፌሩ ደንግጦ። «አባቴ፣ እኔ እኮ ወልድያ መድረስ አለብኝ!»

«ነገ ሩቅ አይደለም፣ ጋሼ» አልኩት። «አንድ ጊዜ ሲጫኑት ነገ ይሆናል።»

መምሬ ቀና ብለው አዩኝ። «አንድ ጊዜ ተጭናችሁ ነገን የምታመጡ ከሆነ ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ?» አሉ።

እንግዲህ ፍርድ ነው፤ ተራዬን ለቅቄ ወጣሁ። ደሳለኝ ውስጥ ቀረ። ከአጥሩ ሥር ቆሜ ስጠብቅ ሾፌሩ በመስኮት እያየ ፊቱ ሲለዋወጥ ይታየኛል፤ ሊነግረኝ ግን ወይ ፍንክች፣ ለካ ወገን ለይቷል። በመጨረሻ ደሳለኝ «ጨረስኩ፤ ግባ ወንድሜ» አለኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ ወንድሜ ብሎኝ ስለማያውቅ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን በሩን ሰበርኩ። ከውስጥ የወጡት ቀስተኞች አልነበሩም። ክንፍ ያላቸው፣ የሚያበሩ፣ ቁመታቸው ከግንቡ የሚተካከል፣ ሰይፋቸው የፎገራን በሬ ከነቀንበሩ ለሁለት የሚሰነጥቅ ነበሩ። ያ ገብጋባ ለካ ወርቁን ሁሉ ሸሽጎ ኖሮ በበዓሉ ገበያ ወጥቶ ሸምቷቸዋል!

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለ አንዱ ተሸካሚ።

መምሬ አድማሱ በበሩ አንገታቸውን አስግገው አዩና «እነዚህስ የእኛ ናቸው» ብለው ተመለሱ።

አጥንቶቼ እንደ ደረቀ የሩዝ ገለባ ተበተኑ። አበጋዜ ፈረሱን ጥሎ ሸሸ። ሾፌሩ አጨበጨበ፤ እናቴ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች። እኔ እጄን አጣምሬ ለግምገማ ቆምኩ። ደሳለኝ ሊገመግመኝ አፉን ከፈተ። ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልለው ሲያነሱት ዓይኑ ተከትሎት ሄደና ድንገት እንደ ጥጃ እምቧ ብሎ አለቀሰ።

«አሸንፈህ ታለቅሳለህ?» አልኩት።

«ታዲያ ከእንግዲህ ማን ሊከበኝ ነው?» አለኝ።

አይሱዙው በደብረ ታቦር መንገድ እስኪሰወር አስፋልቱ ዳር ቆመን አየነው። አገሬም፣ አገሩም፣ ዘንዶዎቻችንም ከፍራሽ ጋር ተጭነው ሄዱ።

ዛሬ ባሕር ዳር እኖራለሁ፤ ጸጉሬ ከፊት ለቆኛል፤ ያ ጨዋታ ግን ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ጨዋታ አርጅቶ የሚሞተው ለሰነፍ ነው፤ ግንቡን ብዙ ሺህ ጊዜ ከፍቼዋለሁ፣ አሁንም ጥግ ላይ ያለውን ዘንዶ ሳየው ልቤ ትመታለች። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ «አባዬ፣ እነዚህ እኮ ቆመው ነው የሚጠብቁት! ይኼ ምኑ ነው ጨዋታ?» ይለኛል። እሱ አይቷቸው ከማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ጋር ባንዴ ይታኮሳል፤ ይገድሉታል፣ ወዲያው ይነሳል፤ ማን እንደገደለው አይጠይቅም፣ ማንም አይገመግመውም። እኔ ከማሽኑ ጋር ስጫወት አብዛኛውን ጊዜ አሸንፋለሁ። ማሽን ግን ሲሸነፍ አይሳደብም፣ ሲያሸንፍ አያለቅስም። እንዲህ ያለ ድል ጨው የሌለው ወጥ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ወረታ ሄጄ ለደሳለኝ ጨዋታውን ጫንኩለት። አሁን የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ነው፤ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። እያንዳንዳችን የቀናችንን እንጫወትና ፋይሉን በስልክ ለሌላው እንልካለን። እሱ ሥራ ሲበዛበት፣ እኔ መብራት ሲጠፋብኝ፣ አንዳንዱ የጨዋታ ቀን ወር ይፈጃል።

በቅርቡ ሠራዊቴ የግንቡ በር ላይ ደረሰ። በዓል አልነበረም፤ ውስጥም የሚያስፈራ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ብጫን ሁሉም ያልቃል። እጄን ማውዙ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ፤ ከዚያ ፈረሴን አዞርኩና እንጨት ለቀማ ሄድኩ። ፋይሉን ላኩለት። ሲደውልልኝ ስለ ሩዝ ዋጋና ስለ ልጆች ጉንፋን አወራን፤ ስለ ግንቡ አንዳችንም አላነሳንም። መልሶ የላከውን ስከፍተው ወርቁ ሞልቶ እያለ አንድም ወታደር አልገዛም፤ በሩንም አላጠረም። አበጋዙን ሜዳ ላይ ሲያንሸራሽር ውሎ ከሥር እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጨረስኩ። ተራው ያንተ ነው፤ አትቸኩል።»