ይርዳው የሸጠው ሞተር ብስክሌት

ጣሊያን ጥሎት በሄደው ሞተር ብስክሌት የመቱን ከተማ የሚያምሳት የቡና ነጋዴው ይርዳው ነበር። አንድ የገበያ ቀን የሁንዴሳን እናት ገጭቶ ዞሮም ሳያይ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ቆማ አታውቅም። ሞተሩ ሲበላሽ፣ ጓሮው ውስጥ ብስክሌት ለሚጠግነው ለሁንዴሳ በቁራጭ ብረት ዋጋ ሸጠለት፤ የገጫት ሴት የማን እናት እንደሆነች ጠይቆ አያውቅማ። ሁንዴሳ ሁለት ክረምት ዝገቱን በነጭ ጋዝ እያጠበ፣ የጎደለውን ከብረት እየሞረደ አስነሣው።

ይርዳው ድምፁን ሰምቶ መጣ። «መልስልኝ፤ ዋጋህን ጥራ።»

«አይሸጥም ጋሼ። ለእናቴ ነው የሠራሁት።»

«አሮጊቷ ልትነዳው?»

«እኔ እነዳለሁ፤ እርስዎ ከመንገድ ይወርዳሉ።»

በማግስቱ እናቱን ከኋላው አፈናጥጦ በገበያው መሐል ቀጥታ ወደ ይርዳው ነዳ። ሰውየው በነጭ ሱሪው ዘሎ ቦይ ውስጥ ገባ።

«ቀስ በል ልጄ» አለች እናቱ፤ «ፊቱን ልየው።»