ባቡሩ ሲነሳ ያየሁት

ልጅ እያለሁ ከአጎቴ ከጋሼ ፍሥሐ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ አፌን ይመረኛል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በመነጽርና በከራቫት ቢታለል አይፈረድበትም። እኔ ግን እውነቱን በዓይኔ ካየሁ በኋላም ከሰውየው ጎን ቆሜያለሁ፤ ለዚያ ምንም ማመካኛ የለኝም።

ጋሼ ፍሥሐ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። «ናቸው» ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ እጄ እሺ አይለኝም። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት ወደዚህ አገር መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ ኮሌጅ አስተማረ፣ ጡረታ ወጣ፣ ማውንቴን ቪው የምትባል ከተማ ውስጥ ጽጌረዳ እየከረከመ መኖር ጀመረ። እናቴን በሃያ ዓመት ስለሚበልጣት እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ አባት ነበር የምታየው። እኛ ደግሞ ዲቪ ደርሶን የመጣን፣ ኦክላንድ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ለአራት የምንኖር ሰዎች ነበርን። አጎቴ ይህን ልዩነት እንድንረሳው አይፈልግም ነበር። «እኛ በትምህርት መጣን፣ እናንተ በሎተሪ» ይላል እየሳቀ። እናቴ አብራው ትስቃለች። አባቴ አይስቅም፣ አይቆጣምም፤ ሳህኑን ያያል።

አባቴ ተስፋዬ ይባላል። አገር ቤት ሳለ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ መካኒክ ነበር። እዚህ ከኦክላንድ ብዙ በማትርቅ ኒውአርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ማታ ሲመጣ ልብሱ ካርቶንና ቅባት ይሸታል። ያ ሽታ ያሳፍረኝ ነበር። የጋሼ ፍሥሐ ኮት ደግሞ የሎሚ ሳሙና ይሸታል፤ እኔ ሳድግ እንደዚያ መሽተት ነበር የምፈልገው።

የእኔ ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪዋ በየተራ እያስነሳች ክረምቱን የት እንዳሳለፍን ትጠይቀን ነበር። አንዱ ሃዋይ፣ አንዷ ፓሪስ ሄደው ተመልሰዋል። እኔ ሦስት ዓመት ተከታትዬ «ስቴይድ ሆም» ብዬ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ አጎቴ አንድ እሁድ ቤታችን መጥቶ ከኦክላንድ ተነስቶ በተራሮቹ መካከል ሲያትል ድረስ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ደሴቶቹ የሚወስድ የስድስት ቀን የባቡር ሽርሽር ማዘጋጀቱን ሲያበስረን፣ ሄጄ እጁን ሳምኩ። የራሱ ልጆች አብረውት መሄድ ካቆሙ ቆይተው ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ቀን አብሮት መጓዝ ይበቃል።

እናቴ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነበር፤ ኦፍ ስላልነበራት ቀረች። አባቴ፣ እኔ፣ የስድስት ዓመቷ እህቴ ሊያ እና ጋሼ ፍሥሐ ሄድን።

ከባቡሩ ፉርጎዎች አንዱ እስከ ጣሪያው ድረስ መስታወት ነው። የተቃጠለ ቡናና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ አለው። ተሳፋሪዎቹ ተራራ የሚባል ነገር እንዳለ የዚያን ቀን የተነገራቸው ይመስል ነበር። ጥድ ሲያዩ «ዋው»፣ ጥዱ አልፎ ሌላ ጥድ ሲመጣ እንደገና «ዋው»። አጎቴ ከሁሉም ፊት ተቀምጦ የተራራውን ስም፣ ከፍታውን፣ ዕድሜውን ይነግራቸዋል። ካርታና የጉዞ ፕሮግራም የያዘ አቃፊ ጉልበቱ ላይ ነበር። እሱ ሲናገር ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኔም ዘመዱ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ተጠግቼው እቀመጣለሁ።

አባቴ ግን ተራራውን አላየም። ዓይኑን ጨፍኖ ሐዲዱን ያዳምጣል። አንዴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ሰማህ ናቲ? ሁለት ሞተር ነው የሚጎትተን። ዳገቱ ከባድ ነው ማለት ነው» አለኝ።

«ተስፋዬ» አለ አጎቴ ሳይዞር፣ «ልጁ መልክዓ ምድር ይይበት። ብረቱ ለኒውአርክ ይቆይህ።»

ሳቅሁ። እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ ነበር የሳቅሁት። አባቴ እናቴ የቋጠረችውን ስንቅ ፈታና በርበሬ የተነሰነሰበት የተቀቀለ እንቁላል ለሊያ ሰጣት። ሽታው ፉርጎውን ሲሞላው አንዲት ሴትዮ የሚከፈት መስኮት መፈለግ ጀመረች። እኔ ከአባቴ ሦስት ወንበር ርቄ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ቆመ። አሥር ደቂቃ ተባለ። ሰዎች ሲጋራ ለማጨስና እግራቸውን ለማፍታታት ወረዱ። አጎቴ በረዶ የለበሰውን የተራራ ጫፍ ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ ፎቶ ማንሳት ፈልጎ፣ ሊያን በእጇ ይዞ እስከ መሳፈሪያው መድረክ ጫፍ ሄደ። አባቴ በራችን አጠገብ ቆሞ ቀረ። እኔ ከባቡሩ ላይኛው ፎቅ ሆኜ በአጎቴ ባይኖኩላር፣ በርቀት ማያ መነጽሩ፣ አያቸው ነበር። ስለዚህ የሚቀጥለውን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም።

ከታች የታመቀ አየር ሲለቀቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አባቴ ቀና አለ። «ጋሼ ፍሥሐ! ይምጡ! ፍሬኑ ተለቋል፣ ሊነሳ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አጎቴ ካሜራውን ከዓይኑ ሳያነሳ መለሰለት፤ በራችን ክፍት ስለነበር ድምፁ እኔ ዘንድ ደረሰ። «ገና አራት ደቂቃ አለው፤ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል! ይሄ የድሬዳዋ ባቡር መሰለህ?»

አባቴ መሮጥ ጀመረ። ጥሪ ተሰማ፣ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ ባቡሩ ነቅነቅ አለ። ይሄን ጊዜ አጎቴ ዞረ። ፊቱን በባይኖኩላሩ በደንብ አየሁት። በዚያ ፊት ላይ ስለ ተራራ ዕድሜ የሚያወራው ሰውዬ አልነበረም። የሊያን እጅ ለቀቀና ብቻውን ሮጠ።

ሊያ ከሚንቀሳቀሰው ባቡር አንድ እርምጃ ርቃ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። አባቴና አጎቴ በመንገድ ተላለፉ፤ አንዱ ወደ ልጅቷ፣ ሌላው ወደ በሩ። አባቴ አንስቷት ሲመለስ አንዴ ወደቀ፤ ሲወድቅ እሷን ከላይ አደረጋት። ተነሳ። የእኛ ፉርጎ አስተናጋጅ በሩን ሳትዘጋ እየጮኸች እጇን ዘርግታ ነበር፤ ልጅቷን አቀበላት፣ ራሱም ብረቱን ይዞ ወጣ። አጎቴ ቀድሞ ደርሶ የሌላ ፉርጎ የተዘጋ በር ነበር የሚደበድበው። ባርኔጣው ወደቀ። ከዚያ አነሰ፣ አነሰ፣ ጥድ ሸፈነው።

አባቴ ወደ ላይ ሲመጣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀድዶ ደም ነበረው። ሊያን ታቅፎ ተቀመጠ። «ጋሼስ?» አለችው። «በነገው ባቡር ይመጣሉ» አላት። ስለ እጇ መለቀቅ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ደግሞ፣ ልናገረው ይገባል፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ የተቀደደውን ሱሪውን ሰው ሁሉ እያየው ነው የሚል ነበር።

በማግስቱ ሲያትል ሆነን አጎቴን እየጠበቅን ሳለ አባቴ በመርከብ ወደ አንዱ ደሴት ወሰደን። ስለ ደሴቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ስሙንም በትክክል መጥራት አቃተው። ድንጋይ ወደ ውኃው ወረወርን፣ ጭኮ በላን፣ ሊያ ጫማዋን አውልቃ ከአሸዋው አልወጣም አለች። አባቴ ሳሩ ላይ ጋደም ብሎ አንቀላፋ። የሚያስረዳን ሰው ስለሌለ ቀኑ የባከነ መሰለኝ። ከስድስቱ ቀን እንደ ሽርሽር ያለው ያ ቀን ብቻ እንደነበር የገባኝ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ጋሼ ፍሥሐ ምሽት ላይ ባርኔጣውን አድርጎ ደረሰ። «ልጅቷ ደህና ናት?» አለ። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለው አባቴ። በቃ። ስንመለስ ግን፣ በምግብ ቤቱ ፉርጎ ውስጥ፣ አጎቴ ለአንድ ባልና ሚስት ታሪኩን በእንግሊዝኛ ሲነግራቸው ሰማሁ። መጀመሪያ ልጅቷን ወደ ባቡሩ «ገፋ አድርጓት» ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለሌሎች ሲነግር ተሸክሟት ሮጧል። ኦክላንድ ስንደርስ ሊያን ወደ ባቡሩ ወርውሮ ራሱ ለመቅረት የፈቀደ ሰው ሆኖ ነበር። የአባቴ እንግሊዝኛ ዝግተኛ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪያዘጋጅ ሰዎቹ አጨብጭበው ጨርሰዋል።

ቤት ገብተን ሊያ ከተኛች በኋላ እናቴ ታሪኩን ሰምታ አለቀሰች፤ የወንድሟን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ «አንተ የት ነበርክ?» አለችው።

«እዚያው ነበርኩ» አለ።

«ናቲ ከላይ ሆኖ አይቷል» አለ አጎቴ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ። «አይደል ናቲ?»

ሁሉም አዩኝ። አባቴም አየኝ። አስተያየቱ አያስገድድም፣ አይለምንም፤ መልሴን ብቻ ይጠብቃል። «የስ» አልኩ። በአማርኛ እንኳን ለመዋሸት ድፍረት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ለብዙ ዓመታት አባቴን ብቻውን ከእኛ ጋር ሩቅ አትልከውም ነበር። ባሕር ዳርም ሲሆን፣ መካነ እንስሳትም ሲሆን፣ ጋሼ ፍሥሐ ይጠራል። እኔም መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ ተነስቼ፣ አጎቴ እህቴን እንዴት እንዳዳነ ተናገርኩ። አስተማሪዋ ደጋግማ አመሰገነችኝ።

ባለፈው ግንቦት ሊያ በፋርማሲ ተመረቀች። ሳን ሆዜ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ምሳ ጋበዝን። ጋሼ ፍሥሐ ከሰማንያ አልፏል፤ በምርኩዝ ተነስቶ ማይክ ጠየቀ። ያቺኑ ታሪክ ጀመረ። ዘንድሮ በረዶም ተጨምሮበታል። እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ ተነሳሁና ማይኩን ተቀበልኩት። ያየሁትን፣ እዚህ እንደጻፍኩት፣ ከፍሬኑ ድምፅ እስከ «የስ» ድረስ ተናገርኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ሃያ ዓመት ጠብቆ፣ ያለ ምርኩዝ መቆም የማይችል ሽማግሌን መጋፈጥ ምን ጀግንነት አለው?

«ልጅ ነበርክ» አለ አጎቴ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ተሳስተህ ነው።»

አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «አልተሳሳተም» አለ።

ሊያ ወደ አባቴ ዞረች። አማርኛዋ ብዙ አይደለም፤ ያን ቀንም የምታውቀው ሲተረክ በሰማችው ብቻ ነው። «ዳዲ፣ አንተ ነህ?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ፍሥሐ ቁጭ አለ፤ ምሳው እስኪያልቅ ማንም አላናገረውም። አላዘንኩለትም።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከጎኔ፣ እናቴ ከኋላ። ፍሪሞንትን ስናልፍ እናቴ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ወንድምሽ ነው» አላት። ቆይቶ ጨመረ፤ «ናቲም አዎ ብሎ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን በሰው ፊት ውሸታም ላድርገው?»

መንገዱ ደበዘዘብኝ፤ ፍጥነት ቀነስኩ። እናቴ አፍንጫዋን ጠረገች። «እስቲ አንተ ንገረኝ» አለችው። «ከመጀመሪያው። ከኦክላንድ ከተነሳችሁበት።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና በዝግታ ጀመረ። መጀመሪያ የተናገረው ስለ ሞተሮቹ ነው፤ ስንት እንደነበሩ፣ ዳገቱ ላይ እንዴት እንዳጓሩ። ልጅ እያለሁ እንዲህ ማውራት ሲጀምር ወሬው ቶሎ እንዲያልቅ ነበር የምመኘው። አሁን ከአውራ ጎዳናው ወደ ቤት የሚያስወጣን መንገድ ሲመጣ ሆን ብዬ አለፍኩት። እናቴ አየች፤ «ከዚያስ?» አለችው አባቴን።