እትዬ ቆይ እና መንገድ የሚያቋርጡት ቀንድ አውጣዎች

ጫካውን ለሁለት በከፈለው መንገድ ላይ ኬላ ጠባቂዋ ብረቱን ስታነሳና ስትጥል ፀጉሯ ሸብቷል። ግንድ የጫኑ ሹፌሮች «እትዬ ቆይ» ይሏታል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር «ቆይ! ቆይ!» እያለች ስለምታስቆማቸው። ምክንያቷ ደግሞ ቀንድ አውጣ ነው።

ከዚያ ጫካ ሌላ የትም አይታ የማታውቃቸው፣ ጡጫ የሚያካክሉ ቡናማ ቀንድ አውጣዎች መሬቱ ሲርስ ከላይኛው ጫካ ወጥተው አስፋልቱ ላይ ይንፏቀቃሉ። እሷም ጎማ ሳይጨፈልቃቸው በሳፋ ትለቅምና ወደመጡበት ትመልሳቸዋለች። «የጠፋ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል?» ትላለች። ያን ያህል ተለፍቶላቸውም ቁጥራቸው በየዓመቱ ማነሱ ግን አንጀቷን ይበላው ነበር። ትንንሽ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ዓይኗ እያየ ዘራቸው ሊጠፋ ነው።

አንድ ማለዳ ዛጎሏ ጫፉ ላይ የተሸረፈ አንዷን መለሰቻት። ብዙም ሳይቆይ ያቺው ሽርፍ አስፋልቱ ላይ ናት። መለሰቻት። ደግማ መጣች።

«አንቺ ግትር! ከእኔ ጋር ነው እልህ የምትጋቢው?» ብላ ሳፋውን አስቀመጠችና፣ እስቲ የት ልትደርስ ነው በሚል ከኋላዋ ታዘግም ጀመር።

አንድ ሹፌር ክላክሱን አስጮኸ። «እትዬ፣ ቀንድ አውጣ ለማሳለፍ ነው እኔን ያቆሙኝ?»

«ታዲያስ! ቀድማህ መጥታለቻ!»

ሽርፏ ተሻግራ በታችኛው ጫካ አንድ የበሰበሰ ግንድ ሥር ገባች። ለስላሳውን አፈር በአናቷ ገፋ ገፋ አድርጋ ነጫጭ እንቁላሎች ትጥል ጀመር። ኬላ ጠባቂዋ ክው አለች። የላይኛው ጫካ መሬት ድንጋይ ብቻ ነው፤ የሚቆፈር አፈር የለውም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የምትመልሰው መንገድ የጠፋባቸውን ሳይሆን ምጥ የያዛቸውን ኖሯል። አፈረች፤ አለቀሰችም። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሳፋዋን አነሳች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የለቀመችውን ሁሉ ወደ ታች ታሻግር ጀመር። እህቷ «ወገብሽ ሊቆረጥ ነው፣ ተይ!» ብትላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ዝናቡ ሊያባራ በተቃረበበት ሰሞን ያው ሹፌር መጥቶ ክላክሱን ነፋ። ኬላው አልተከፈተም። ወርዶ ቢያይ እትዬ ቆይ ብረቱ ላይ አጎንብሳለች፤ ምስር የምታህል ቀንድ አውጣ እላዩ ላይ ታዘግማለች።

ሹፌሩ ሳቀ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ!»

«ቀስ በል፣ ልጄ፣ ታስደነግጣታለህ» አለችው።

ሹፌሩ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ።