ግማሹ የጠቆረ ስልክ

ከድጄ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ፈትሂያን ያሳደገችው በእንሴኖ ገበያ በርበሬ እየነገደች ነው። ልጅቷ ለሥራ ሪያድ ስትሄድ፣ አሠሪዋ የሰለቻትን ታጣፊ ስልክ ሰጠቻት። እሷም ለእናቷ በሰው ላከችላት። ገበያተኛው ሁሉ «እስቲ እጠፊው!» እያለ መስታወት የሚመስለው ነገር እንደ ጨርቅ ሲታጠፍ ጉድ ይላል። ከድጄ ግን ደስታዋ ሌላ ነበር፤ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የልጇን ፊት እያየች ታወራለች።

ዓመት ሳይሞላው መታጠፊያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ወጣች። በምትኖርበት ቡታጅራ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ለሚጠግነው ለሸረፋ አሳየችው።

«እናቴ፣ የበርበሬ ብናኝ ገብቶበታል» አላት። «እስክሪኑ እዚህ አይገኝም፤ አዲስ አበባም እንጃ። ከእንግዲህ አጥፈው አይዝጉት፣ እንደተከፈተ ይቀመጥ።»

ምክሩን ሰማች። አንድ ቀን ግን ገበያ ላይ ሳለች ድንገት ዝናብ ወረደ። በርበሬው እንዳይበሰብስባት ላስቲክ ልታለብስ ስትሯሯጥ፣ ስልኩን እንደ ልማዷ ዘግታ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ስትከፍተው ከመታጠፊያው በታች ጠቁሯል።

ወደ ቡታጅራ በምትመለስበት ሚኒባስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በላይኛው ግማሽ የፈትሂያ ፎቶ ወጣ። ማንሻው በጠቆረው በኩል ነው። ከድጄ በጣቷ ደጋግማ ነካካችው፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውም ተቀብሎ ሞከረ። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ።

«መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ!» ትላለች ከድጄ።

በማግስቱ ሸረፋ ሲም ካርዱን ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ አደረገላት። ብትደውል ብትደውል የሚያነሳ ጠፋ። ሲሰነብት የፈትሂያ ጓደኛ ሃፊዛ ከሪያድ ደወለች።

«እናቴ፣ ፈትሂያ በድንገት ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ለኦፕሬሽን ሊያስገቧት ሲሉ የእናቴን ድምፅ ልስማ ብላ…»

«በሕይወት አለች?» አለች ከድጄ።

«አላህ ይርሐማት።»

ሬሳዋ እዚያው ተቀበረ። ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ከድጄ ጓዳ ገብታ ለሃፊዛ መልሳ ደወለች።

«ስላላነሳሁ ቅር አላት?»

«ኧረ የለም! ‹ዛሬ ገበያዋ ነው፣ አልሰማችም› ነው ያለችው።»

ከድጄ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች፤ ፈልገዋት የገቡት ሴቶች ናቸው ከእጇ የወሰዱላት።